«ባለበት ሁኔታ» ስንል ምን እየሸጥን ነው?

አርባ ምንጭ ሴቻ ውስጥ ካለ አንድ አሮጌ ጭቃ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቡና እየጠጣን ነበር። ባለቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ገብተው እሳቸው ከአንዲት የልጅ ልጃቸውና ከግቢው የማንጎ ዛፍ ጋር ቀርተዋል። ደላላው አንድ ሰው አስከትሎ ገባ። ሰውዬው ብዙ አላወራም። ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገ፤ ከቀለሙ ሥር እንደ ደም ሥር የተዘረጋውን የምስጥ መንገድ በጥፍሩ ሲፈቀፍቀው ደቃቅ አፈር ወለሉ ላይ ረገፈ። ቀና ብሎም ዝናብ ያበሰበሰውን ኮርኒስ ተመለከተ። ወደ በረንዳው ሲመለሱ ደላላው ቀደም አለና፣ «እማማ፣ ሰውዬው ካሽ ነው። አድሱልኝ አይል፣ ቀለም ቀቡልኝ አይል፣ ባለበት ሁኔታ ይወስድልዎታል። እርስዎም እንግዲህ ዋጋው ላይ አስተያየት ያድርጉለት» አላቸው። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ እናታችን ስኒውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ እንዲህ ላለው ሰው ስንት ይቀነሳል?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህ የእሳቸው ብቻ ጥያቄ አይደለም። አርባ ምንጭ ውስጥ ሲቀላም ይሁን ሴቻ፣ ቤት ለመሸጥ የተነሣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቤቱ አርጅቷል፤ ማደሻ ገንዘብ የለም፤ ገዢው ሙሉውን በአንድ ጊዜ እከፍላለሁ ብሏል፤ እንግዲያው መቀነስ የወግ ነው ተብሎ ይታመናል፤ የሚቀረው መጠኑን መወሰን ብቻ ነው። እኔ ግን ስሕተቱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ቤትን እንዳለ፣ ያለ እድሳት፣ ለአካባቢው ሰው እጅ በእጅ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ብዙ ጊዜም ትክክለኛው መንገድ ነው። የሚጎዳን ለምን እንደምንቀንስ ሳናውቅ መቀነሳችን ነው። ሻጩ ለተሰነጠቀ ግድግዳና ለሚያፈስ ጣራ የቀነሰ ይመስለዋል። በእርግጥ የሚቀንሰው ግን ላልተሟላ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ደግሞ ከዚያ ቅናሽ በጣም ባነሰ ወጪ ራሱ ሊያስተካክለው ይችል ነበር።

ዶርዜ ላይ ቤቱን ይሸከሙታል

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው ዶርዜ ላይ ቆም ብሎ የሚያየው ቤት አለ። ከቀርከሃ የሚሠራ፣ ፊቱ እንደ ዝሆን ግንባር ወጣ ያለ፣ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ረጅም ቤት ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ እንዲህ እያጠረ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ባለቤቱ ቦታ መለወጥ ከፈለገ ጎረቤት ይሰበሰብና ቤቱን ከነጣራው አንሥቶ ወደ አዲሱ ቦታ ተሸክሞ ይወስደዋል። እዚያ ቤትና መሬት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ጠበቃ አያስፈልግም።

የአገሪቱ ሕግም የሚያየው እንደ ዶርዜ ሰው ነው። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ መሬት የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና፤ መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ነው አለ፤ በላዩ የተገነባው ግን የሠራው ሰው ነውና ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው፣ ሊያነሣው ይችላል አለ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ስንናገር የሚሸጠው ጭቃው፣ ቆርቆሮው፣ በሩና መስኮቱ ነው።

አርባ ምንጭ ላይ ግን ገዢው ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከተማዋ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ ቆላው ሲወርድ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ናት፤ ያን ጊዜ የተሠሩት ጭቃ ቤቶች አሁን ሽማግሌ ሆነዋል። በ1979 በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተከፈተው ትምህርት ቤት ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ተማሪና መምህር፣ ተከራይና እንግዳ መጣ። በ2015 ማብቂያ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከማዕከል ከተሞቹ አንዷ ሆነች። በዚህ ሁሉ መሐል ዋጋ የጨመረው ጭቃው አይደለም። ገዢው የሚያሰላው ግቢው ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ከአስፋልት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ማዕዘን ላይ መሆን አለመሆኑን፣ ፕላኑ ፎቅ መፍቀዱንና ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የአባያንና የጫሞን ሐይቆች የሚያይ መሆኑን ነው። ውሉ በተፈረመ በወሩ ቤቱን ያፈርሰዋል። ታዲያ ሊያፈርሰው ያሰበውን ግድግዳ ምስጥ በልቶታል ብሎ ዋጋ ማስቀነስ በምን ሒሳብ ነው? ያን ዕለት በረንዳው ላይ የሆነው ይኸው ነበር። በጥፍሩ የፈቀፈቀው አፈር ለእሱ ምንም አይደለም፤ እናታችንን ለማሳነስ ግን በቂ ነበር።

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ሲቀላ ውስጥ በብሎኬት የተሠራ፣ ከኋላው ሰርቪስ ቤቶች ያሉት፣ ለኪራይ የሚፈለግ ቤት ሌላ ነው። እዚያ ገዢው ነገ ጠዋት ተከራይ ሊያስገባበት ነውና ስንጥቁ የእውነት ወጪው ነው። በተለይ ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ቤት ክረምት ሲመጣ አፈሩ ስለሚያብጥ፣ በበጋ ስለሚኮማተር፣ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ያወጣል፤ ይህ በልስን የሚሸፈን እንጂ በልስን የሚድን አይደለም። ለእንዲህ ያለው ቤት ቅናሽ ፍትሐዊ ነው፤ ልኩ ግን በደላላ ምላስ የሚወሰን መሆን የለበትም። ሻጭ አንድ ግንበኛ ይጥራና ማደሻው ስንት እንደሚፈጅ ያስገምት። የሚቀነሰው ያ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ውል ላይ «ገዢ ቤቱን ባለበት ሁኔታ አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» ተብሎ ከተጻፈ ሻጭ ከሁሉም ነገር ነጻ የወጣ ይመስለናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ ነው። ዋስትናውን በውል ማስቀረት ይችላል፤ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ግን ያ የውል ቃል አያድነውም። ስለዚህ ለሽያጭ ብሎ ስንጥቁን በልስን፣ የምስጡን መንገድ በቀለም የሚሸፍን ሰው ራሱን ከጥበቃው እያወጣ ነው። የሚያፈሰውን ጣራ፣ የተሰነጠቀውን ማዕዘን አሳይቶ በውሉ ላይ ማስጻፍ ለሻጩ ጋሻ ነው፤ ለገዢው ብቻ የሚደረግ ቸርነት አይደለም።

ካሽ ማለት ምን ማለት ነው?

«ካሽ ገዢ» የሚለው ነገር ለምን ያን ያህል ክብር እንዳገኘ ሳስብ ከሌላ አገር የመጣ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ቤት ገዢ የሚገዛው በባንክ ብድር ነው። ባንኩ ገማች ይልካል፤ ጣራው የበሰበሰ፣ መሠረቱ የተሰነጠቀ ቤት ከሆነ ብድሩን ሊከለክል ይችላል፤ ብድሩ እስኪጸድቅም ሳምንታት ያልፋሉ። እዚያ በኪሱ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ገዢ ሌላው የማይችለውን ያደርጋልና ሻጩ ቢቀንስለት ምክንያት አለው። 

በእኛ አገር ግን ካሽ ያልሆነ ገዢ የት አለ? ለቤት ግዢ የሚያበድር ባንክ ብርቅ ነው። የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዶ ከጠፋ በኋላ ለቤት ብድር ብቻ ተብሎ የተቋቋመውን ባንክ ያየነው ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ሥራ ሲጀምር ነው። በነሐሴ 2015 ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 ከመቶ እንዳያልፍ ወሰነ፤ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም ተበዳሪውን ከገበያው ያራቀ ዘመን ነበር። ስለዚህ አርባ ምንጭ ላይ የእናታችንን ቤት ሊገዛ የሚችል ሰው ሁሉ፣ ነጋዴውም፣ የሙዝ አከፋፋዩም፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክለትም ካሽ ገዢ ነው። ሁሉም ያለውን ባሕርይ ይዞ መጥቶ ለእሱ ብቻ ይቀነስለት ማለት አይገባኝም።

ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለውም ልብ እንበል። አንዱ ሙሉውን ክፍያ በአንድ ጊዜ መፈጸም ነው፤ ይህ ለሻጭ ትልቅ ጥቅም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የመጣውን የዋጋ ንረት ያየ ሰው «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከስድስት ወር በኋላ» ለሚል ገዢ ቤቱን አይሰጥም። ሁለተኛው ትርጉም ግን ብሩን በፌስታል አሥሮ ማምጣት ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በመስከረም 2013 ብሩ ሲቀየር ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከባንክ ውጭ መያዝ በሕግ መከልከሉን እናስታውስ። ከሕጉም በላይ፣ በፌስታል የተቆጠረ ገንዘብ ምስክር የለውም። ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የገባ ወይም በሲፒኦ የተከፈለ ገንዘብ ግን ከዓመታት በኋላም ከፋዩንና ተቀባዩን በስም ይጠራል።

በፌስታል የሚመጣ ብር ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሶ የመጻፍ ጥያቄ። ለስም ማዞሪያ የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ ከዋጋው 2 ከመቶ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱም ክፍያ አለ። ገዢው ይህን ለመቀነስ 3 ሚሊዮን የተስማሙበትን ቤት «600 ሺ ብለን እንጻፈው» ይላል፤ ሻጩም ወጪው የገዢው ስለሆነ ምን ቸገረኝ ብሎ ይፈርማል እንበል። ገዢው 600 ሺውን ከፍሎ የቀረውን ነገ ዛሬ ቢለውስ? ሕጉ የተፈረመበትን ጽሑፍ በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ማስረጃ አድርጎ ነው የሚቀበለው፤ ጽሑፉን በሰው ምስክር መቃወም አይቻልም። ሻጩ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚጠይቀው 2.4 ሚሊዮን ብር በየትኛውም መስመር ላይ የለም። ግብር መሸሽነቱን ትተን እንኳ፣ በገዛ እጅ የራስን ገንዘብ መካድ ነው።

ቅናሹ የሚከፈለው ለወረቀቱ ነው

ታዲያ ገዢው በእርግጥ የሚሸከመው ሸክም የቱ ነው? ወረቀቱ ነው። ልምድ ያለው ገዢ ግድግዳውን ኳ ኳ ካደረገ በኋላ በለሆሳስ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ፤ ካርታው በማን ስም ነው? ባልየው ሲሞት የወራሽነት ማስረጃ ወጥቷል? የጣራና ግድግዳ ግብር እስከ ስንት ዓመት ተከፍሏል? ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ዕዳና እገዳ አለበት? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሻጭ «ባለበት ሁኔታ» ሲል የወረቀቱንም ጣጣ ባለበት ሁኔታ እየሸጠ ነው፤ ገዢውም ለዚያ የሚያስቀንሰው ገንዘብ ከምስጡ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የእናታችን ቤት ካርታ የሞቱት ባለቤታቸው ስም ላይ ነው። በጋሞ ባህል የበኩር ልጅ፣ ባይራ የሚባለው፣ በአባቱ ቦታ የሚቆም የቤቱ ታላቅ ነው፤ ስለ አባት ይዞታ የሚናገረውም እሱ ነው። ይህ ክብር የሚገባው ሥርዓት ነው። የውርስ ሕጉ ግን ለባይራውም ለታናሽ እኅቱም እኩል ድርሻ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሽመና ላይ ያለው ልጅም፣ ባል አግብታ የሄደችው ልጅም ባለድርሻ ናቸው። ባይራው ፈርሞ የተሸጠ ቤት ላይ እኅት ከሦስት ዓመት በኋላ «እኔ አልሸጥኩም» ብላ ስትመጣ ገዢው ከሻጩ ጋር፣ ወንድም ከእኅት ጋር ይካሰሳል። ባለትዳር የሆነ ሻጭም ያለ ትዳር ጓደኛው ስምምነት የጋራ ቤት መሸጥ አይችልም። እነዚህ ከሽያጩ በፊት ቢያልቁ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚጨርሳቸው ናቸው፤ ከሽያጩ በኋላ ሲነሡ ግን የፍርድ ቤት ዓመታት ይበላሉ።

ሌላም አለ። በ2004 የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት በሊዝ ሥርዓት ይገባል ይላል። ገዢው ይህን አስቀድሞ አስልቶ ነው የሚመጣው፤ ሻጩ ብዙ ጊዜ ሰምቶት አያውቅም። ከከተማው ዳር፣ በላንቴና በጫኖ መንገድ ላይ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። የሙዝ ማሳ ጥግ ላይ አንዲት ጎጆ ትቆምና «ቤት ሸጫለሁ» ተብሎ ውል ይጻፋል። ጎጆዋ የተተከለችው መሬቱን ለመሸፈን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የገጠር መሬት ሽያጭ ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ነውና እንዲህ ያለው ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚፈርስ ነው፤ ገበሬው ማሳውን፣ ገዢው ገንዘቡን ሲያሳድድ ይኖራል። እዚህ ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ምንም ሊያድን አይችልም።

ውሉ ራሱስ የት ይፈረም? ሁለት ምስክር ጠርቶ፣ በውል ጸሐፊ እጅ አስጽፎ፣ ጣት አንሥቶ መለያየት ዛሬም የተለመደ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ የሰበር ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 21448 ያን ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሎ ነበር። በኋላ ሻጭና ገዢ ሽያጩን እስካልካዱ ድረስ በሚል አቋሙን አላላው፤ ይሁን እንጂ ሰው የሚካካደው ሲጣላ ስለሆነ በሰላም ቀን የተዋዋለ ሰው በዚህ ሊተማመን አይገባም። ሻጩም እንዲህ ከተለያየ በኋላ ነጻ አይደለም። ስሙ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ላይ እስካለ ድረስ የጣራና ግድግዳው ግብር የሚፈለገው ከእሱ ነው፤ የሌላ ሰው ዕዳ ቢኖርበትም አበዳሪው እጁን የሚዘረጋው ወደዚያው ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአምስት ዓመቱ የመሸጥ ክልከላ ሳያልቅ በውክልና የተሸጡት የኮንዶሚኒየም ቤቶች ያስተማሩን ይህን ነው፤ ወካዩ ሲሞት ወይም ውክልናውን ሲያነሣ ገንዘቡን ከፍሎ የገባው ሰው በሌላ ሰው ቤት የተቀመጠ ሆኖ ተገኘ።

«የቸገረው ሰው ቢሮ ለቢሮ ሊዞር ነው?»

ይህን ስል የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። ከሁሉ የሚከብደኝ፣ የታመመ ልጅ ይዞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ደጅ የቆመ አባት ነው። ለእሱ ካርታ አስተካክል፣ ወራሽ ሰብስብ፣ ግንበኛ አስገምት ማለት የጭካኔ ምክር ነው። ልክ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው ፈጣን ገንዘብ ራሱ ሕይወት ነውና ቢቀንስ አልፈርድበትም። የምለው ቅናሹን ለማን ምን ያህል እንደሰጠ ይወቀው ነው። ሕጉም እንዲህ ያለውን ሰው ጨርሶ አልረሳውም። አንቀጽ 1710 ውል ለአንዱ ወገን በጣም ስላደላ ብቻ አይፈርስም ካለ በኋላ፣ የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ እርጅናውን፣ የአእምሮውን የዋህነት ወይም በንግድ ልምድ የሌለው መሆኑን መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነ ፍትሕ ሲጠይቅ ሊፈርስ ይችላል ይላል፤ ክሱ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ገዢ የቸገረውን ሰው ቤት በሲሶ ዋጋ ሲወስድ እንቅልፍ ሊያጣ ይገባል።

ሁለተኛው ተከራካሪ ቢሮው ያዘገያል የሚለው ነው። ያዘገያል፤ እኔም ወረፋ ይዤ ውዬ አውቃለሁ፤ «ነገ ና» ተብዬም ተመልሻለሁ። ገዢው ይህን መንከራተት ለመሸከም ተስማምቶ ከሆነ ዋጋ ቢጠይቅበት አይከፋም። ግን ሒሳቡን እንሥራው። የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት፣ የተጠራቀመ ግብር መክፈል፣ ይዞታን ማረጋገጥ ለሻጩ ጥቂት ወራትና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ብር ሊያስወጣው ይችላል። «ባለበት ሁኔታ» ተብሎ የሚቀነሰው ግን ብዙ ጊዜ በመቶ ሺዎች ነው። በዚያ ላይ አንዳንዱን ወረቀት ገዢ ሊያወጣው አይችልም፤ የእናታችን ልጆች ወራሽነት በእናታችንና በልጆቻቸው እንጂ በገዢው አይጠየቅም። ገዢው ቅናሹን ወስዶ ሥራውን መልሶ ለሻጩ ይሰጠዋል ማለት ነው።

ያለ ደላላ ለጎረቤት መሸጥ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ በዚህ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ከእነሱ አልፌ እሄዳለሁ። የአጥር ተጋሪ ጎረቤት ከማንም ገዢ በላይ መክፈል ይችላል፤ ሁለቱ ግቢ ሲቀላቀል ለእሱ የሚኖረው ዋጋ ለሌላው ከሚኖረው ይበልጣልና። እኛ ግን በይሉኝታ የምንቀንሰው ለእሱ ነው። «ጎረቤቴ ነው፣ ሽማግሌም አለ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚለውም አነጋገር የጋሞን ሽማግሌ በቅጡ ያልተረዳ ነው። በመስከረም 2011 የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው አርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበርክከው የተቆጣውን ወጣት የመለሱት ቃላቸው ክብደት ስላለው ነው። ያን የመሰለ ቃል የሚጠራው ላልተመዘገበ ውል ማሟያ እንዲሆን አይደለም። ሽማግሌ ወራሾቹን ያስማማ፣ ዋጋውን ያስታርቅ፤ ውሉ ግን ይመዝገብ።

ደላላውንስ? እሱን በጅምላ መርገም ልማድ ሆኗል፤ ገበያውን የሚያውቀው ግን እሱ ነው። የምፈራው ቀብድ ላይ ያለውን ጥድፊያ ነው። ገዢውን ከማስወጣቱ በፊት መቶ ሺ ብር ሻጩ እጅ ላይ ለማስቀመጥ ይጣደፋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ሐሳቡን ሲቀይር እጥፉን ይመልሳል፤ ማታ ልጆቻቸው ደውለው «ኧረ እማዬ አይሸጥም» ቢሏቸው እናታችን የሚመልሱት ሁለት መቶ ሺ ነው። የሰጠው ገዢ ቢቀር ግን የሚያጣው ያንኑ መቶ ሺውን ብቻ ነው።

ለእናታችን ያልኳቸውን እዚህም ልድገመው። ስንት ይቀነሳል የሚለውን ይተዉትና መጀመሪያ ልጆችዎን ይሰብስቡ፤ ወራሽነቱ ይውጣ፤ ግብሩ ይከፈል። ከዚያ ሁለት ሦስት ገዢ ይምጣ፤ ጎረቤትዎም ይጠየቅ። ምስጡንም ያሳዩ፤ በውሉም ላይ ይጻፍ። ገንዘቡ በባንክ ይግባ፤ ዋጋው በሙሉ ይጻፍ፤ ስሙም ይዙር። በዚህ ሁሉ ከተስማማ ያው ካሽ ገዢ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱንም እንዳለ ይውሰደው። ብቻ ያን ጊዜ የሚቀንሱለት ምክንያት ካለ ምክንያቱን በስሙ ይጥሩት።

የቀረው የማዘጋጃ ቤቶቻችን ድርሻ ነው። ስም ሲዞር ቀረጥና ክፍያ የሚሰላበት የግምት ዋጋ አለ፤ በዚህ አካባቢ፣ በዚህ ደረጃ ለተሠራ ቤት ይህን ያህል ተብሎ የሚታሰብ። በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቃቸው የንብረት ግመታና የንብረት ታክስ ሕጎች ምክንያት ግምቱ ከእንግዲህ እየተሻሻለ መሄዱ አይቀርም። ይህን ግምት ሻጩ ሊያውቀው የሚችለው ውሉን ከፈረመ በኋላ፣ ክፍያው መስኮት ላይ ሲደርስ ነው። በየሩብ ዓመቱ በአማርኛና በጋሞኛ ተጽፎ፣ ሴቻና ሲቀላ ባሉት የአገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች በር ላይ ቢለጠፍ ወጪው የወረቀትና የሙጫ ነው። እናታችን ማንበብ አይችሉም፤ ግን ትምህርት ቤት የምትውል የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን ቀድታ ማታ ታነብላቸው ነበር።